ፉአቲኖ ስድብ ካቆመች በኋላ

ፉአቲኖ ስድብ አቆመች ሲባል እኛ መንደር ሰው ሁሉ ሳቀ። ማን ያምናል! ይቺ ሴት እኮ የሰው ዶሮ ጓሮዋ ስለገባ ብቻ የዶሮውን ባለቤት እስከ ቅድመ አያቱ ድረስ እያነሳች የምታብጠለጥል ሴት ናት። አብራት ምንጣፍ የምትሠራው ጎረቤቷ ሳውኖአ «እሷ ስድብ ከምትተው ባሕሩ ጨውነቱን ቢተው ይቀላል» ብላ ሴቶቹን በሳቅ ገደለቻቸው።

ግን ተወች። ፉአቲኖ አንዴ አልኩ ካለች አለች ነው፤ ይሄን ማንም አይነሳትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጌታን አጥብቄ እይዛለሁ ብላ መጀመሪያ ትንባሆዋን ጣለች። ቀጥሎ ቢንጎዋን። ከዚያ ሐሜቱን፣ እሱን እንኳ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። ስድቡ የመጨረሻው ነበር። አንድ ነገር በጣለች ቁጥር እሑድ ከአምልኮ በኋላ ነጭ ባርኔጣዋን እንደደፋች መጋቢ ኢዮኤሉን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠብቃ ትነግረዋለች።

«መጋቢ፣ ስድቡንም ጥያለሁ።»

«እሰይ እማማ! ጌታ ይባርክዎት።»

«እንግዲህ ምን ቀረኝ?»

«ቅድስና እኮ እማማ፣ ደርሰው የሚያርፉበት ነገር አይደለም። ዕድሜ ልክ ማደግ ነው።»

ይሄ መልስ ጨጓራዋን ይልጠዋል። ዕድሜ ልክ! ጉልበቷ በተነሳች ቁጥር ይንቋቋል፣ ፀጉሯ ነጥቷል፣ የትኛውን ዕድሜ ነው የሚያወራው? «ቁርጡን አይነግረኝም እንዴ? ይሄን ተዪ ይበለኝና ልተው!» እያለች እየተብሰለሰለች ቤቷ ትገባለች።

እንዲህ ስትል ልጇ ፔኒአሚና ከእኛ ደሴት ከኡፖሉ ማዶ ካለው ከሳቫዪ ደሴት ቫይኡላ የምትባል ልጅ አግብቶ አመጣ። አምጥቶም ብዙ አልቆየ፤ ኒውዚላንድ ፖም ለቀማ ሄደና ሚስቱን የመጀመሪያ ልጁን እንዳረገዘች እናቱ ዘንድ ተዋት። ቫይኡላ ክፉ አልነበረችም። ክፉ ብትሆንማ ፉአቲኖ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቅ ነበር። ችግሩ እርጋታዋ ነው። ጓሮ ስትጠርግ እያንጎራጎረች ነው። ጎደሬ ስትልጥ መሀል ላይ ታቆምና ባሕሩን ታያለች። ድስቱን «ነገ ጠዋት አጥበዋለሁ እማማ» ብላ ፈገግ ብላ ትተኛለች፤ ደግሞ ጠዋት እውነትም ታጥበዋለች፣ እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። ድሮ ቢሆን ፉአቲኖ አፏን ከፍታ በአንድ ጊዜ ትገላገለው ነበር። አሁን ስድብ ትታለች። ነገሩ ቀኑን ሙሉ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክቶ ይውላል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ የጸሎት ሰዓት ነውና ትልቁ የባሕር ዛጎል እንደ መለከት ይነፋል። ዛጎሉ ከተነፋ በኋላ እኛ መንደር የሚራመድ የለም። ሰው ሁሉ በየቤቱ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ወጣቶቹ ዱላ ይዘው መንገዱ ላይ ይቆማሉ፣ የተንቀሳቀሰ ይቀጣል። በየቤቱ መዝሙር ይዘመራል፣ ከዚያ የቤቱ ትልቅ ሰው ይጸልያል። ቤቶቻችን ምሰሶና ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የላቸውም፤ አንዱ የሚጸልየውን ሌላው ፈለገም አልፈለገም ይሰማል። በፉአቲኖ ቤት የሚጸልይ ትልቅ ሰው ያው ፉአቲኖ ናት።

«ጌታ ሆይ፣ ተመስገን» ብላ ትጀምራለች፣ አጀማመሯስ ደህና ነው። «ለጤናችን ተመስገን። ለጎደሬያችን ተመስገን። ድስት ሳያጥቡ ለሚያድሩ ሰዎችም አንተው ልቡና ስጣቸው። ባሏ በሰው አገር ፀሐይ እየጠበሰው ፖም ሲለቅም እሷ ቆማ ባሕር የምታይ ሚስት ካለች፣ ጌታ ሆይ፣ ዓይኗን ወደ ሥራዋ መልስላት። ስም አልጠራሁም። አንተ ታውቃታለህ።»

ከዚያ አሜን ይባላል። ቫይኡላም አንገቷን ደፍታ «አሜን» ትላለች። ምን ታድርግ? ጸሎት ነው፣ አይመለስበትም፤ ሰዓቱ ነው፣ አይነሱበትም። ፉአቲኖ ግን ከአሜኑ በኋላ ደረቷ ቀለል ይላታል፣ እንቅልፍም ይወስዳታል። ጸሎት እንዲህ ነው እንዴ የሚያሳርፈው፣ ምነው በልጅነቴ በጀመርኩት፣ ትላለች።

በማግስቱ ምንጣፍ የሚሠሩበት ቤት ሳውኖአ ከሩቅ ስታያት ትጀምራለች። «ኧረ ፉአቲኖ፣ ትናንት ጸሎትሽ እኔንም ተነስቼ ድስት አሳጠበኝ!»

ሴቶቹ አፋቸውን ምንጣፍ በሚሠሩበት ቅጠል ሸፍነው ይስቃሉ። ፉአቲኖ ግን የት ሰምታ! «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጸሎቴ ይሠራል ማለት ነው» ትላለች፣ ከልቧ። እንዲህ ዓይነቷን ሴት ምን ይሏታል? አሽሙር ሲነገራት አሽሙር አይገባት፣ እሷ ስትናገረው ደግሞ ጸሎት ነው!

የቫይኡላ ሆድ እየገፋ ሲመጣ ጸሎቱም አብሮ ገፋ። እንቅልፏ ተጸለየበት። አረማመዷ ተጸለየበት። እናቷ ሳታስተምር የላከቻት ነገር ሁሉ በጌታ ፊት ቀረበ። ልጅቷ በየማታው አሜን አለች። በስልክ ባሏን «እናትህ ትጸልይብኛለች» ስትለው «ታዲያ ምን አለበት?» አላት፤ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፣ «ትጸልይልኛለች» ያለችው መስሎት።

አንድ ማታ እንደ ወትሮው ተዘመረ፣ ፉአቲኖ ዓይኗን ጨፈነች፣ ተመስገኑን አሳጥራ ወደ ጉዳዩ ገባች። «ጌታ ሆይ፣ ይሄ በማህፀን ያለው ልጅ እንቅልፉን ከእናቱ እንዳይወርስ አደራ። ስንፍናዋም በጡቷ እንዳይተላለፍ...»

ቫይኡላ ተነሳች። በጸሎት መሀል! መጋረጃው ጀርባ ገብታ ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ ወጣች፣ ከቤቱ ወርዳ መንገዱ ላይ ቆመች። ዱላ የያዘው ወጣት መጀመሪያ የሚያደርገው ጠፋው።

«እህቴ፣ ምን ነካሽ? የጸሎት ሰዓት ነው፣ ተቀመጪ!»

ተቀመጠች። እዚያው መንገዱ መሀል፣ ቋጠሮዋን ከሆዷ በታች ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እግሯን አጣጥፋ ቁጭ አለች። በግራም በቀኝም ካሉት ቤቶች ሰው ሁሉ መዝሙሩን አፉ ላይ እንደያዘ ያያታል። ፉአቲኖ አንድ ዓይኗን ከፍታ አየቻት። ደሟ ፈላ። መነሳት አትችልም፣ መጥራት አትችልም። የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱንም አደረገችው።

«ጌታ ሆይ፣ ዛሬ በቤቴ ላይ የመጣውን ውርደት አንተ ተመልከት! እርጉዝ ሆና እንደ ውሻ መንገድ ላይ የምትቀመጥ...»

«ኧረ በቃሽ!» የሚል የወንድ ድምፅ ከወዲያ ማዶ መጣ። በጸሎት ሰዓት እንዲህ የጮኸ ሰው እኛ መንደር ታይቶ አይታወቅም። ማን እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ጠይቀው ነበር፣ የሚናገር ጠፋ። የጸሎት ሰዓት ማብቂያው ሁለተኛው ዛጎል ሲነፋ ቫይኡላ ተነሳችና መጋቢው ቤት አደረች፤ ጠዋት በመርከብ ወደ ሳቫዪ፣ ወደ እናቷ ሄደች። ፉአቲኖ ቤት ላይ ደግሞ ሰዓቱን በማፍረስ ቅጣት ተጣለ።

ፉአቲኖ በማግስቱ እርር ድብን እንዳለች መጋቢው ዘንድ ገባች። ቁጭ እንኳ አላለችም።

«መጋቢ፣ ይቺን ልጅ አንድ ይበሉልኝ! በጸሎት መሀል ተነስታ በሰው ፊት አዋረደችኝ።»

መጋቢ ኢዮኤሉ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። «እማማ፣ እኔ ቤት ድረስ እኮ ይሰማል።»

«ምኑ?»

«ጸሎትዎ።»

«እና ይሰማ! በጸሎት ይታፈራል እንዴ?»

«ስድብ ትቻለሁ ብለውኝ አልነበር?»

«ትቻለሁ! አንድ ቀን ከአፌ ወጥቶ ከሆነ ይንገሩኝ!»

«አልተዉትም እማማ። ቦታ ነው የቀየሩለት። ድሮ ሲሰድቡት ሰው ይመልስልዎት ነበር። አሁን ልጅቷ እንዳትመልስ ጸሎት ነው፣ እንዳትሄድ ዱላ የያዘ ወጣት መንገድ ላይ ቆሟል፣ ጭራሽ መጨረሻው ላይ አሜን ትላለች። ከድሮው ይሄ አይብስም?»

ፉአቲኖን የያዛት ግን ጸጸት አልነበረም፣ ንዴት ነው። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ እየሰሙ ምነው ዝም አሉ? መጋቢ አይደሉም እንዴ?»

መጋቢው አቀረቀረ። «ፈራሁዎት። በእኔም ይጸልዩብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ቤቷ ገብታ ከራሷም ከጌታም ጋር ተጣላች። ትንባሆ አልክ፣ ጣልኩ። ቢንጎ አልክ፣ ጣልኩ። አሁን ደግሞ ጸሎቱን ልጣል? ምን ልይዝልህ ነው ታዲያ? እንዲህ ያለ ነገር አለ? አንዱን በር ዘጋሁ ስትል ነገሯ በሌላው ይገባል፤ ቢሰለቻት ይፈረድባታል? ሰለቻት እኮ!

ፔኒአሚና ሲደውል ገና ሰላም ሳይላት «እማዬ፣ ምን አድርገሻት ነው?» አላት።

«ምንም! ጸለይኩላት!»

«እሱን ነው የምልሽ።» ቀጠለ። «እማዬ፣ ለቀማው ሲያልቅ በቀጥታ ሳቫዪ ነው የምሄደው። እነሱ መሬት ይሰጡናል። እዚያው እንቀመጣለን።»

ስልኩን ዘግታ ባዶውን ቤት አየችው። አንድ ልጅ ነው ያላት። የልጅ ልጇ ደግሞ ከባሕሩ ወዲያ ተወልዶ እሷን በወሬ ብቻ ሊያውቃት ነው፣ ያውም በእሷ ወሬ! ያን ጊዜ ፈራች፤ ንዴቱን አልፎ የሚመጣ ፍርሃት ነው።

ያሰበችው ትልቁን ይቅርታ፣ ኢፎጋን ነው። ኢፎጋ ደም የፈሰሰ ወይም ትልቅ ውርደት የደረሰ እንደሆነ የበዳዩ ቤተሰብ ሹም በጠዋት ከተበዳዩ ደጃፍ ላይ የክብር ምንጣፍ ተከናንቦ የሚቀመጥበት ሥርዓት ነው። ተበዳዮቹ ምንጣፉን ካነሱለት ታረቁ፤ ካላነሱለት እዚያው ይቀመጣል። የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ማላኤሉ የቤተሰቡ ሹም ነውና እሱ ዘንድ ሄደች።

«ለምን ጉዳይ?» አላት ማላኤሉ።

«ስለ ጸሎቴ።»

«ምን?»

«ጸሎቴ ልጅቷን በድሏታል።»

«ፉአቲኖ፣ ደህና ነሽ? ሰው ስለ ጸለየ ይቅርታ ሲጠይቅ የት አየሽ? እኔ ሳቫዪ ድረስ ሄጄ ምንጣፍ ተከናንቤ 'ጸልየናልና ማሩን' ልበላቸው? መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

«እሺ፣ ተወው። ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«ሴት ብቻዋን ኢፎጋ አትቀመጥም!»

«በጸሎት ሰውስ ይሰደባል? ተወኝ አልኩህ!» አለችና ወጣች። አያችሁ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ስትነሳም እንኳ ተጣልታ ነው።

ለሠርግና ለቀብር ካስቀመጠቻቸው ምንጣፎች በላጩን ጠቅልላ በመርከብ ተሻገረች። ኢፎጋ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚቀመጡት፤ መርከቡ ግን ለእሷ ብሎ ጎህ ሳይቀድ አይነሳ፣ አውቶቡሱም ዘገየ። የቫይኡላ እናት የፋአፒሳ ደጃፍ ስትደርስ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች፣ ልብስ ተሰጥቷል፣ ዶሮ ይጭራል። በቃ፣ ከመጣሁ መጣሁ ብላ ሣሩ ላይ ቁጭ አለችና ምንጣፉን ተከናነበች።

ከምንጣፉ ሥር ሙቀቱ አይጣል ነው። ላቧ ከግንባሯ ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ጉንዳን ቁርጭምጭሚቷን አገኛት። አሳማ መጥቶ ምንጣፉን እያሸተተ ከበባት። ከቤቱ ማንም አልወጣም፣ ብቻ መጥረጊያ ሲጠርግ ሰማች፤ መጥረጊያው ጉልበቷ አጠገብ ደረሰ፣ ዙሪያዋን ጠርጎ አለፈ። ፋአፒሳ ናት። ደጃፏን ጠርጋ፣ ፉአቲኖን እንደ ድንጋይ ዞራት ሄደች።

ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቆሙ።

«ምንድን ናት?»

«የኡፖሉ አሮጊት ናት።»

«ሞታ ነው?»

«አልሞተችም። እግሯ ይነቃነቃል።»

ፉአቲኖ ናላዋ ዞረ። ይሄን ሁሉ ባሕር አቋርጬ፣ ይሄን የመሰለ ምንጣፍ ይዤ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሣር ላይ ተደፍቼ! አንድ ውኃ እንኳ የሚያቀብል ይጥፋ? ሰው ናቸው እነዚህ? በለሆሳስ ጀመረች፣ እንደ ልማዷ። «ጌታ ሆይ፣ የእነዚህን የልበ ደንዳኖች ልብ አንተ አራራ። እንግዳ ማክበር ላልተማሩ...»

ቆመች። ከምንጣፉ ሥር ድምፅዋ የሚሄድበት ስላልነበረው ተመልሶ ራሷ ጆሮ ውስጥ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው። ማታ ማታ ቫይኡላ የምትሰማውን ሰማች።

እንደገና ሞከረች። «ጌታ ሆይ፣ ለቫይኡላ ትሕትና...» አይ። እዚህም ውስጥ መርፌ አለ። «ጌታ ሆይ፣ ፋአፒሳን ይቅር በላት...» ኧረ ለምኑ? እሷ ምን አደረገች? ዓረፍተ ነገር ባነሳች ቁጥር ከሥሩ እሾህ አገኘችበት። የማይወጋ አንድ እንኳ ፈልጋ አጣች። የቀራት «ጌታ ሆይ» ብቻ ነበር። «ጌታ ሆይ» አለች። ሌላ የምትጨምረው አልነበራትም። አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም፣ ምንጣፉ እንኳ ያልሸፈናት መሰላት።

ፀሐይ ዘንበል ካለች በኋላ ምንጣፉ ከራሷ ላይ ተነሳ። ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት። ቫይኡላ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ቆማለች።

«እማማ፣ በዚህ ፀሐይ!»

«ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አለች ፉአቲኖ። «ጸሎት መስሎኝ ነው።» ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም። አልመሰለኝም። አውቅ ነበር። ስምሽን ያልጠራሁትም ስለማውቅ ነው።»

ፋአፒሳ ከቤቱ ምሰሶ አጠገብ መጥረጊያዋን ይዛ ታያቸዋለች።

«ይቅር ብዬዎታለሁ» አለች ቫይኡላ። «ከልቤ ነው። ግን አልመለስም እማማ። ልጁ እዚህ ነው የሚወለደው። ፔኒም እዚህ ይመጣል። እርስዎ እየመጡ ያዩታል።»

ፉአቲኖ ከመርከቡ ስትወርድ ቫይኡላን ይዤ እመለሳለሁ ብላ ነበር። ስንት ነገር አፏ ላይ መጣ! ጣሪያችሁ ያፈሳል። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው። ልጅ በአባቱ አገር ነው የሚያድገው። ይሄን ምንጣፍ ለመሥራት ዓይኔ ነው የጠፋ። ባሏ የሞተባትን ሴት ብቻዋን ጥሎ መኖር ምን ዓይነት ክርስትና ነው? የመጨረሻው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አፏን ከፈተች። ዘጋችው።

«ምነው ዝም አሉ?» አለች ቫይኡላ።

«ዝም ለማለት እየሞከርኩ ነው።»

«ከባድ ነው?»

«ሊገድለኝ ነው» አለች ፉአቲኖ፣ እንባዋና ላቧ አገጯ ላይ ተገናኝቶ ይንጠባጠብ ነበር። ቫይኡላ ምንጣፉን አጥፋ ክንዷ ላይ አደረገችና ሌላ እጇን ዘርግታ አስነሳቻት።